ለቁጥር አራት ማን ይፈርም?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መብራት ያዝኩ። ቀልድ አይደለም፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። የአየር ኃይል መካኒክ ነኝ፣ ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ፣ የተማርኩት ሞተር። ስድስቱ ተዋጊ አውሮፕላኖቻችን ግን የተገዙት ከባሕር ማዶ ነው፤ በውሉ መሠረት ሞተራቸውን መክፈት የሚችለው የሻጩ አገር ባለሙያ ብቻ ነው። እኛ ጎማ እንነፋለን፣ መስታወት እንወለውላለን፣ እሱ ሲሠራ የእጅ መብራት እንይዝለታለን። በየሞተሩ ክዳን ላይ ቀይ ማኅተም አለ። እሱን የነካ የአገር ሰው አለቀለት።

ባለሙያውን «አፏጪው» ነበር የምንለው፤ ሲሠራ ያፏጫል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። ግን አንድ ነገር አያስተምርም፤ «ይህ ምንድን ነው?» ስለው ትከሻውን ነቅንቆ ፉጨቱን ይቀጥላል። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ዝም ብዬ እጁን መከተል ጀመርኩ። ፉጨቱ ቀጥ ካለ ከባድ ቦታ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ መብራቴን ጠጋ፣ ዓይኔን ተከል አደርጋለሁ። ቤት ስገባ ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እስላለሁ። ወንድሜ «እታለም፣ ዛሬም የሰው ሞተር ሰርቀሽ መጣሽ?» እያለ ይስቅብኛል።

ወንድሜ ስል፣ ያሳደግኩት ልጄ ማለት ይቀላል። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃያ። አሁን ጭንቅላቱ የበር ጉበን የሚገጭ የበረራ ሠልጣኝ ሆኗል፤ እኔ ግን ዛሬም «ድንቡሼ» ነው የምለው፣ በጓደኞቹ ፊት ጭምር። ተዋጊ አብራሪ ለመሆን የቀረችው አንዲት በረራ ነበረች። እሷን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልበረረ ደንቡ ወደ ቢሮ ይወስደዋል፤ ወረቀት ሲያመላልስ ሊኖር ነው።

እንግዲህ በዚያው ወር ነው መንግሥታቸው ከመንግሥታችን ጋር የተኳረፈው። በምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። አንድ ማለዳ አፏጪው ሻንጣውን ይዞ እብስ አለ። ስድስቱም አውሮፕላኖች የበረራ ፈቃድ የሚፈርምላቸው አጥተው ተገተሩ። ከሁሉም የተሻለችው ቁጥር አራት ነበረች፤ የተበላሸው የነዳጅ ፓምፗ ብቻ ነው፣ አዲሱ ፓምፕ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አዛዣችን ኮሎኔሉ ቢሮ ዘው ብዬ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ቁጥር አራትን እኔ እሠራታለሁ።»

«ማኅተሙን ቆርጠሽ? ሃምሳ አለቃ፣ ጤነኛ ነሽ? ሁለተኛ አውሮፕላን አይሸጡልንም!»

«የሸጡልንስ መች በረረ?»

ኮሎኔሉ ሞተሩን የሳልኩበትን ደብተር ከእጄ ተቀበሉ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እኔ ምንም አላየሁም» አሉኝ። በሳቸው ቋንቋ ይህ ፈቃድ ነው።

ማኅተሙን ስቆርጥ ሃንጋር ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ምንም አልፈነዳም። ጎማ የሚነፋው ባልደረባዬ፣ ባለጎማው፣ «ይኸው ነው እንዴ?» ሲል ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሁለት ቀን ሠራሁ። መብራቱን ባለጎማው ያዘልኝ፤ አቤት አያያዝ! የሚያበራው ዓይኔ ላይ ነው። «አንተ፣ መብራት መያዝም ሙያ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። የአፏጪው ፉጨት ቀጥ ይል የነበረው ሦስተኛው ብሎን ጋ ነበር፤ አጥብቆ፣ ሩብ ዙር መልሶ፣ እንደገና ያጠብቀዋል። እንደዚያው አደረግኩ። ሁሉንም ገጥሜ ስጨርስ ጨርቁ ላይ አንዲት የብሎን ቀለበት ተረፈች።  መልሼ ፈታሁ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ለካ የአሮጌው ፓምፕ ቀለበት ኖሯል! ራሴን የሰደብኩት ስድብ እዚህ አይጻፍም። ሞተሩን መሬት ላይ አስነስተን ስናየው ጠብ ያለ ነዳጅ የለም።

የበረራ ፈቃዱ ላይ «የሻጩ ባለሙያ» የሚለውን ሰርዤ ፈረምኩ። እስከዚህ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ኮሎኔሉ «ማን ይውጣባት?» ሲሉ ግን ከኋላዬ «እኔ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንቡሼ ነው።

«አይሆንም!» አልኩ። «መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሞክራት።»

ወደ ጎን ሳበኝ። «እታለም፣ ታዲያ የማንን ወንድም ልታወጪባት ነው?»

የፈቃዱን ወረቀት መልሼ ሳብኩት። ወረቀት ቢያመላልስስ? በሕይወት ካለልኝ ምን ጎደለኝ? ፊርማዬን ልሰርዝ ብዕሬን አነሳሁ። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፤ ሥራዬ ላይ የማውቀው ጉድለት አለ? የለም። አሥራ አንድ ዓመት «አትችሉም» ሲሉን፣ ለካ እኔም ውስጥ ውስጡን አምኛቸዋለሁ! በራሴ ተናደድኩ። ብዕሩን ኪሴ ከተትኩት።

«ሂድ» አልኩት። «ቀበቶህን ደግሞ አጥብቅ።»

አርባ ደቂቃ በረረ። ባለጎማው ውሃ ቢሰጠኝ ደረቴ ላይ ደፋሁት። በየት በኩል እንደምትመጣ እያወቅኩ በአራቱም አቅጣጫ ስዞር ቆየሁ። ኋላ ከደመናው ሥር ብቅ አለች፤ ጎማዋ አስፋልቱን ሲነካ ሃንጋሩ በጩኸት ተናጋ። ኮሎኔሉ ቆባቸውን ወረወሩ፤ አላየሁም ያሉት ሰውዬ!

ድንቡሼ ግን ከመሰላሉ ሲወርድ ፊቱን ኮስተር አድርጓል። ሳላቅፈው አንድ ቅጽ ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ። አብራሪ በበረራ ላይ ያገኘውን ጉድለት የሚሞላበት ቅጽ ነው፤ ድሮ በባዕድ ቋንቋ ተሞልቶ ለሻጩ ይላካል፣ መልሱ በአራተኛው ወር ይመጣል። ጽፎ ሲጨርስ ለኔ ሰጠኝ። በራሳችን ቋንቋ፣ እኔው ራሴ ባስተማርኩት ጠማማ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ስታርፍ ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል። ለነገ ጠዋት ተስተካክላ ትቅረብ።» «ተቀባይ» በሚለው መስመር ላይ «እታለም» ብሎ ጽፏል።

«ለነገ ጠዋት? አንተ ድንቡሼ፣ እኔ አሽከርህ ነኝ?» ብዬ ጮህኩበት። እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወርዷል። ወረቀቱን አጣጥፌ ያዝኩና፣ እሱ ሳይቀመጥ፣ እኔም ሳልስመው፣ ፍሬኑን ለማየት ከግራው ጎማ ሥር ተንበረከክኩ።