የስኳሩ ካቢኔት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ አውሮፕላን የማውቀው ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነበር። ሚስቴ ግን የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናት፤ ልጃችንም የእናቷን ሙያ ልትይዝ ማሠልጠኛ ገባች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስኳር ለማውጣት ፒንሳ እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን በኮምፒውተር ፈተና የሚደርስባት የለም። በተግባሩ ግን ወደቀች፤ ዳግም ከወደቀች ትሰናበታለች። የጣላት ደግሞ ሽቦ ነው። ብሎን ከጠበቀ በኋላ በንዝረት እንዳይላላ ከጎረቤቱ ብሎን ጋር በቀጭን ሽቦ ይታሰራል አሉ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ስጫነው ራሱ ይጠመዘዛል እኮ» አለች።

«ሃንጋር ውስጥ አውሮፕላኑ ላይስ ማን ይጠመዝዝልሻል?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ዘመኑ...»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች። ነይ ወዲህ።»

ከዚያማ ቤቴ ታሰረ። የካቢኔቱ እጀታዎች፣ የድስቱ ጆሮዎች፣ የስፌት መኪናዬ ሳይቀር ለልምምድ በሽቦ ተጠፍረው አገኘኋቸው። ብቆጣ ማን ሰምቶኝ! እናት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳስስና «ላላ፣ ድገሚው» ትላለች። ልጄ ጣቶቿ ተጫጭረው ትደግማለች። አንጀቴን በላችው።

አንድ ጠዋት ፒንሳ መፈለግ ሰልችቶኝ የስኳሩን ካቢኔት ጎተት ባደርገው እጀታው ተፈቶ እጄ ላይ ቀረ። ሚስቴ አየችና ሳቀች።

«ሽቦውን በማይሆን በኩል፣ ብሎኑ ወደሚፈታበት አዙራ አሳልፋዋለች። ስትጎትተው ብሎኑን ፈታልህ።»

ልጄ አልሳቀችም። እጀታውን ተቀብላኝ ትክ ብላ አየችው።

የፈተናዋ ዕለት የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ማምሻውን መጥታ የሆነውን ነገረችን። ሽቦውን አሳምራ አስራ፣ ፈታኙ ሊያይላት ሲጠጋ «ቆይ» ብላ ራሷ ቆረጠችው።

«ስኳርህ ትዝ አለኝ አባዬ። ወደሚፈታበት ነበር ያዞርኩት።»

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እንደገና አስራ አለፈች።

እናቷ ያንን የተጫጫረ እጅ ተቀብላ ጣት በጣት ሳመችው። በኮምፒውተሩ መቶ ከመቶ ስታመጣ «ጎሽ» ብቻ ነበር ያለቻት።

በማግስቱ ልጄ ፒንሳ ይዛ ቤቱን መፍታት ጀመረች። የስኳሩን ካቢኔት እጀታ ገጥማ ስትጨርስ፣

«እሱን እሰሪልኝ» አልኳት።

«እንዴት ልትከፍተው ነው?»

«ፒንሳ አለ አይደል» አልኳት።