በፑል ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መጋረጃ

ሰብሳቢዋ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ስለቆመች፣ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተገፋፉ። ረጅሙ የእንጨት ጠረጴዛቸው የለም። በቦታው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የፑል ጠረጴዛ ተገትሯል። ዱላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ መስኮቱ ላይ የሲጋራ ቁራጭ የሞላበት ጣሳ ተቀምጧል።

“እኛ በየቤታችን ተዘግተን ስንከርም ይሄ ቤት ባል አገባ ማለት ነው” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ራዲዮ የሚሏት ሴት ብቻ አልሳቀችም። በቀልድ ራዲዮ ያሏት ስለማታወራ ነው። የስፌት ማኅበሩ በየሳምንቱ እዚህ ሲሰበሰብ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ የሌሎቹን ወሬ ትሰማለች፤ ሲነሡ አብራ ትነሣለች። ይኸው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ከቤት አትውጡ ሲባል ስብሰባው በስልክ ሆነ። ሰብሳቢዋ ስም ስትጠራ ራዲዮ “አለሁ” ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ መኖሯም ይረሳል። ባሏ በሞተበት ሳምንት እንኳ “አለሁ” ብላ ነበር። ሌሎቹ ወሬውን የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው። ሰብሳቢዋ ደውላ ስታለቅስላት ራዲዮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሰብሳቢዋም መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ዘጋችው። ለሌሎቹ ይህ ክፍል መሰብሰቢያ ነበር። ለእሷ ግን ሳትናገር ከሰው ጋር የምትሆንበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

የሕንፃው ኃላፊ ኮቴ ሰምቶ ከታች መጣ። በዕድሜ ከሁሉም ያንሳል፤ አክብሮትም አያንሰውም። የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ክፍሉ ባዶውን ከሚከርም ብሎ ለሰፈሩ ጎረምሶች እንደሰጣቸው፣ የሴቶቹ ጠረጴዛም ምድር ቤት ገብቶ እርጥበት ትንሽ እንዳጣመመው አስረዳ። ደግሞስ በስልክ ሥራቸውን አሳምረው ሲሠሩ አልነበረም ወይ?

ሴቶቹን ያናደዳቸው ይህ የመጨረሻው ነው። በስልክ የሠሩት የትምህርት ቤቱን መጋረጃ ነበር። ሜትሩ እዚህ ክፍል ተቆልፎበት ስለቀረ ሰብሳቢዋ “ሦስት ክንድ ከስንዝር” ብላ አዘዘች፤ ሁሉም በየቤታቸው በየራሳቸው ክንድ ለኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ በር የምትሞላ ሴት ናት፤ ሰብሳቢዋ ደግሞ ብብቷ ሥር ትገባለች። ሲሰቀል አንዱ መጋረጃ ወለሉን ሲጠርግ ሌላው የመስኮቱ ወገብ ላይ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ በጣም አመስግኖ መጋረጃውን መለሰላቸው።

“ያንን መጋረጃ አይተኸዋል ወይ፣ ወንድሜ?” አለችው ሰብሳቢዋ።

ኃላፊው መሸፈኛውን ወደ አፉ ከፍ አደረገ። አይቶታል፤ ልጁ እዚያ ነው የምትማረው። ቢሆንም ቃሉን ለጎረምሶቹ ሰጥቷል፤ አሁን ይመጣሉ። ሰብሳቢዋ መብት አለን ስትል፣ እሱ መብታቸውን አልካድኩም ሲል፣ ዳቦ ጋጋሪዋም የጣሳውን ሽታ ስትረግም ነገሩ እዚያው በዚያው ይሽከረከር ጀመር።

ራዲዮ ክርክራቸው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ያመጣችውን የመጋረጃ ጨርቅ ጣቃ ወንበር ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ኳሶች እያነሣች አንድ በአንድ ቀዳዳው ውስጥ ጨመረቻቸው።

“ተዉ በቃ፣ አሸንፋለች” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ራዲዮ አረንጓዴውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ጣቃውን ፈትታ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋችው። ስፒል አውጥታ የጨርቁን ጥግ ከአረንጓዴው ጋር አያያዘች። ኃላፊው ስፒሉ ሲገባ ጥርሱ ሲነቀል እንደሚያይ ሰው ፊቱን ጨመደደ። ሜትሩ ከጥጉ ቁም ሣጥን መሳቢያ ወጣ፤ ጠመኔ ተገኘ፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ክርክሩን ትተው በጠረጴዛው ዙሪያ የየድሮ ቦታቸውን ያዙ። መቀሱ መንገዱን ጀመረ።

“እትዬ፣ በእናትዎ” አለ ኃላፊው ተጠግቶ። “ልጆቹ ሊደርሱ ነው፤ እኔን ነው የሚቀየሙኝ።” ብሎም የጨርቁን ጠርዝ ሊያነሣ ያዘው።

ራዲዮ ቀና አላለችም። “አትሳበው፣ ይጣመማል። ወጥረህ ያዝልኝ።”

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ራዲዮ ዞሩ። ኃላፊው ሰብሳቢዋን አየ፤ እሷም እንደ እሱ ግራ ገብቷታል። ጠርዙን ወጥሮ ያዘ።

ሁለት ጎረምሶች እየተሳሳቁ ሲገቡ የኃላፊው እጆች እንደተዘረጉ ነበር። አንደኛው ጠረጴዛውንም ሴቶቹንም ኃላፊውንም በየተራ አይቶ፣ መቼ ነው የሚጨርሱት ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለዛሬ ብቻ እንደሆነ፣ ትንሽ ቢታገሷቸው እንደሚነሡ፣ ለወደፊቱ ተነጋግረው አንድ መላ እንደሚፈልጉ በለስላሳ ድምፅ መናገር ጀመረች።

“አንጨርስም” አለች ራዲዮ።

መቀሱን አቆመች። ወደ ጎረምሶቹ ቀና አለች።

“ዛሬ አንጨርስም። የዛሬ ሳምንትም እንመጣለን፤ ከዚያ በኋላም እንመጣለን። እናንተ ታች ባለው በእኛ ጠረጴዛ ተጫወቱ፤ ወይ ይህን አውርዱት። ከዚህ የሚወርድ ሌላ ነገር የለም፤ እኛ አንወርድም።”

ጎረምሳው ለወጉ ያህል ሳቀ። የሚያግዘው ፈልጎ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው ግን ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አላነሣም። በሁለት ጣቱ የያዘው ጠርዝ እንዳይላላ ክርኑን ጎኑ ላይ አስደግፎ ነበር።

ራዲዮ ጎንበስ ብላ መቀሱን ካቆመችበት ቀጠለች። ሴቶቹም ጠመኔና ሜትራቸውን አንሥተው ልኬታቸውን ቀጠሉ።

“ልልቀቀው፣ እትዬ?” አለ ኃላፊው ቆይቶ።

“ገና ነው” አለችው።