ሃምሳ አምስት ግቢ

ምሳሩ የግቢውን በር ሲመታው ኑርሁሴን ኩሬው ውስጥ ነበር። ውሃው ደረቱ ደርሷል። በሁለተኛው ምት ቆርቆሮው ተቀደደ፤ በሦስተኛው መወርወሪያው ተሰበረ።

«አባቴን አምጡ!»

ድምፁን ዐወቀው። ልጁ እንድሪስ ነው።

ግቢውን የሠራው ሙሀመድአሚን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ዐረብ አገር በግንበኝነት ኖሮ ከሚሴ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ፎቅ ይሠራል ብሎ ጠበቀው። እሱ ግን ቦርከና ወንዝ ዳር መሬት ይዞ ሃያ ትንንሽ ቤቶች ሠራ። ደረጃ የላቸውም፤ በራቸው ሁሉ ወደ መሐል ያያል። መሐሉ ላይ የሽንኩርት መደብ፣ የገበጣ ዳስ፣ ከወንዙ በቦይ ውሃ የሚገባበት ኩሬ አለ። ከሃምሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሰው እዚያ አያድርም። ያደረ ሁሉ ደግሞ ይቆፍራል፣ ይጫወታል፣ ይዋኛል፤ ወንዶች በየተራቸው፣ ሴቶች በየተራቸው።

«አሜሪካ በረሃ ላይ እንዲህ ያለ ከተማ የሠራ ሰው ነበረ አሉ» ይል ነበር። «ማን ሊመጣልህ ብለው ሳቁበት። በሩን የከፈተ ቀን መኪና መቆሚያ ጠፋ።»

ከሚሴም ሳቀችበት። በዓመቱ ሃያውም ቤት ሞላ። በሁለተኛው ዓመት ባቲ ላይ ሁለት ነጋዴዎች የሱን ዓይነት ግቢ ጀመሩ፤ ሰንበቴ ላይም መሬት ተለካ። በጨፋ ሸለቆ ከልጁ ጋር የተጣላ አባት ሁሉ «ሃምሳ አምስት እገባለሁ» እያለ ማስፈራራት ለመደ።

ኑርሁሴን ሳያስፈራራ ገባ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ እንድሪስ ቤት ነበር። ልጁ አልበደለውም፤ አከበረው። ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈለት፣ ወተቱን በጊዜው አቀረበለት። ዶማ ሲያነሣ ይነጥቀዋል፤ ሞፈር ሲነካ ይቆጣል። «አርፈህ ተቀመጥ አባ፤ ሰው ምን ይለኛል?» ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ባቱ ሟሸሸ። ጎረቤት ሲመጣ ስለ ከብትም ስለ እርሻም የሚጠይቁት ልጁን ሆነ። አንድ ሰኞ እንድሪስ ባቲ ገበያ ሲወርድ ኑርሁሴን አልጋውን አህያ ላይ ጭኖ ወጣ። ላሞቹን ሸጦ ሰባተኛውን ቤት ያዘ። ሰባ ዓመቱ ነበር። በወሩ ዋና ተማረ።

እንድሪስ አባቱ የት እንዳለ ያወቀው ከሰው አፍ ነው። አንድ የፍየል ነጋዴ ገበያው መሐል ጮኾ ነገረው።

«አባትህን ኩሬ ውስጥ እንደ እንቁራሪት ሲዘል አየሁት! ምነው እንድሪስ፣ ራት ነሣኸው እንዴ?»

ገበያተኛው ሳቀ። እንድሪስ የሰውየውን ሁለት ጥርስ አራገፈ። በማግስቱ ምሳሩን ይዞ፣ ሁለት የአጎቱን ልጆች አስከትሎ መጣ።

ኑርሁሴን እርጥብ ሽርጡን እያጠበቀ ከኩሬው ሲወጣ ሙሀመድአሚን በተሰበረው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ምሳሩን አስቀምጥና ግባ።»

«አባቴን የደበቅኸው አንተ ነህ!»

«ብደብቀው ኖሮ ባቲ ድረስ ባልሰማህ።»

ከአጎት ልጆቹ አንዱ በዱላ ትከሻውን አለው። ሙሀመድአሚን በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወገቡን ተመታ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ከመደቡ ዶማቸውን ይዘው መጡ። መምጣታቸውን ወጣቶቹ አላመኑም፤ አንደኛው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ የዶማ እጀታ አፍንጫው ላይ አረፈና ደም ጢሙን አለበሰው። የስምንተኛው ቤት ዘሊካ ቡና የምትወቅጥበትን ዘነዘና ይዛ ደረሰች። ዱላ ያነሣውን እጅ አንጓው ላይ አለችው። ሲሰበር ተሰማ።

«አንቺ አሮጊት!» አለ ልጁ እያለቀሰ።

«ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው! በሕግ ነው የገባሁት!»

እንድሪስ ይህን ሁሉ አላየም። አባቱን አየ። ምሳሩን ሳይጥል ሮጦ በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ እንደ በግ ትከሻው ላይ ጣለው።

«አውርደኝ!»

«ቤትህ ትገባለህ አባ! ወላሂ ትገባለህ!»

ኑርሁሴን ጀርባውን በቡጢ ደበደበው። አልሰማውም። ቀና ሲል የልጁ ጆሮ አፉ አጠገብ ነበር፤ ነከሰው፤ ጥርሱ እስኪገናኝ ነከሰው። እንድሪስ ጮኾ ተደናቀፈና ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ። ተነሥቶ እንደገና ሊያነሣው ሲል ሙሀመድአሚን መሬት ለመሬት ተስቦ እግሩ ላይ ተጠመጠመ።

«ተወው! ሽማግሌ ነው፣ ትሰብረዋለህ!»

እንድሪስ እግሩን አወራጨ። አልለቀቀውም። ምሳሩ አሁንም እጁ ላይ ነበር፤ ሳያይ ወደ ኋላው ሰነዘረው። በስለቱ አልነበረም፤ በጀርባው ነው። ሙሀመድአሚንን ሰረሰሩ ላይ አገኘው። እግሩ ላይ የተጠመጠሙት እጆች አንድ ጊዜ አጥብቀው ያዙ፤ ከዚያ ተፈቱ።

ጩኸቱ ሁሉ ቆመ። ዘሊካ ተንበርክካ ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች። ቆየች። ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችው።

«ኢናሊላሂ» አለች።

የአጎት ልጆቹ በተሰበረው በር ወጥተው ሮጡ። እንድሪስ ምሳሩን ጣለ። ከጆሮው ደም ይወርዳል። መጀመሪያ ያለው ነገር፣

«አባ ኮ፣ ኮቱ! ና እንሂድ! ይገድሉናል!» ነበር።

እውነቱን ነው። ደም የፈሰሰበት ሰው ወገን ከገዳዩ ወገን ማንንም ቢያገኝ ያው ነው፤ እርቅ እስኪወርድ ድረስም ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ውሃ አይቀዱም። የሟች ወንድም ዓብዱልመጂድ ከሚሴ ሱቁ ውስጥ ነው። ሩቅ አይደለም። ክላሽ አለው።

«ሂድ ኑርሁሴን» አለች ዘሊካ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። «የገዳዩ ወገን ነህ። ወንድሙ ሳይደርስ ውጣ።»

ኑርሁሴን ልጁን አየው። እንድሪስ ዓይኑ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ነው። ቆላ ከወረደ አይገኝም። እሱ ካልተገኘ ደሙ የሚወጣው ከሌላ ነው፤ ከነዚያ ከሮጡት ልጆች፣ ካልሆነም ከነሱ ታናናሾች። ኑርሁሴን በወጣትነቱ እንዲህ ያለ ደም ሰባት ሰው ሲበላ አይቷል።

ዘነዘናውን ከዘሊካ እጅ ወሰደ። እንድሪስ ሊያነሣው እጁን ዘርግቶ ሲጠጋ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት።

አጥንቱ ተሰበረ። እንድሪስ ተቀምጦ እንደ ተወጋ በሬ አገሣ።

«ምን አደረግኸኝ! አባ፣ ምን አደረግኸኝ!»

«የትም አትሄድም።»

ከዚያ ሄዶ ልጁ ፊት ተቀመጠ። «ለፖሊስ ደውሉ» አለ። ደወሉ።

ዓብዱልመጂድ ከፖሊስ ቀድሞ ደረሰ። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ወንድሙን አየና መልሶ ሸፈነው። ክላሹን አቀባበለ።

«ከፊቱ ተነሡ» አለ።

«አልነሣም።»

«ሽማግሌ መግደል አልፈልግም።»

«እሱን ከገደልህ የሚገድልህ አለ። የገደለህንም የሚገድለው አለ። ለመንግሥት ስጠው።»

ሰደፉ አፉ ላይ አረፈ። ኑርሁሴን ወደ ጎን ወደቀና ደምና ጥርስ ተፋ። ተመልሶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ምት ቅንድቡን ሰነጠቀው። ከኋላው እንድሪስ «ተነሣለት አባ፣ ይግደለኝ፣ ተነሣለት» እያለ ሽርጡን ይጎትታል። ዓይኑን ደም ቢሸፍነውም ተመልሶ ቀጥ አለ።

በዚህ መሐል ዘሊካ መጥታ ከጎኑ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ የሦስተኛው ቤት ሽማግሌ ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ። አንድ በአንድ ሁሉም ተቀመጡ። ዓብዱልመጂድ አፈሙዙን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረ። በመጨረሻ ጥይቱን በሙሉ ኩሬው ውስጥ ጨረሰው። ውሃው ዘለለ፤ ከዚያ ረጋ። እሱም ወንድሙ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ፖሊሶቹ እንድሪስን በፒክአፕ ጭነው ወሰዱት። ሙሀመድአሚን ሳይመሽ ተቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ ዓብዱልመጂድ ኑርሁሴንን በር ላይ አገኘው። ኑርሁሴን አፉን በጨርቅ አስሮ አልጋውን አውጥቷል።

«እርቅ እስኪወርድ ከወንድሜ ውሃ አትጠጣም» አለው። አንቱታውን ትቶታል።

ኑርሁሴን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ግቢውንስ ትዘጋዋለህ?» አለች ዘሊካ ከኋላ።

ዓብዱልመጂድ የተቀደደውን ቆርቆሮ ቆሞ አየው።

«ነገ በር የሚሠራ ሰው እልካለሁ» አለና ሄደ።

ኑርሁሴን አልጋውን ከአጥሩ ውጭ፣ ዋርካው ሥር አስቀመጠ። እዚያው ሊያድር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምራቱ ቶይባ አህያ እየነዳች መጣች። ዓይኗ አብጧል። አልጋውን ማንሣት ስትጀምር እጇን ያዘው።

«የትም አልሄድም ልጄ።»

«ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው?»

«ሜዳ ላይ።»

«ኧረ በአላህ አባ!» ገመዱን ወረወረችው። «ባሌ ታሰረብኝ፤ ሁለቱ የአጎቱ ልጆች ቆላ ወረዱ። ማሽላው ሽልሻሎ ደርሷል፤ መሐል ለመሐሉ መታረስ አለበት። ይህ ሳምንት ካለፈ አረም ይበላዋል። በሬ የሚጠምድልኝ ማነው? እኔ ልጥመድ?»

ከአጥሩ ወዲያ ዘሊካ ጭቃውን በአካፋ ስትጠርግ ይሰማል። ኑርሁሴን ያበጠውን አፉን ከጨርቁ አወጣ። ቃሉ በጥርሶቹ ክፍተት እየሾለከ አስቸገረው።

«በሬዎቹ በልተዋል?»

«ከጧት ጀምሮ ማን ያብላቸው!»

ተነሣ። አንዱን የአልጋ እግር እሱ ያዘ፣ ሌላውን እሷ፤ አህያው ላይ ጫኑት። ኑርሁሴን ወደ ግቢው ዞሮ አላየም። እሷን ሳይጠብቅ ከፊት ሄደ፤ በሬዎቹ ሳይመሽ ሣር ማግኘት አለባቸው።