የዱቄት ግድግዳ

ኑሮ ተወደደ ማለት አሁንማ ሰላምታ ሆኗል። ሰው ሲገናኝ እንደምን አደርክ መባባል ትቶ «የዘይቱን ሰማህ?» ነው የሚለው። ዱቄት ግን ስለ ዘይት የሚያወራበት ጉልበት እንኳ አልነበረውም። ዱቄት ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ከሥራ ሲወጣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ነውና። በግንባታው ቦታ አናጺው የጂፕሰም ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን መትቶ ይሄዳል፤ ዱቄት ይከተልና ስፌቱን ይደፍናል። በሁለቱ ሰሌዳዎች መሀል የቀረውን ክፍተት በስቱኮ ይሞላል፣ ሠራተኞቹ ፋሻ የሚሉትን ስስ መረብ ይለጥፍበታል፣ እንደገና ይቀባል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ኮርኒስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ አንጋጦ ነው የሚውለው። እራት ላይ አንገቱ አልታጠፍ ሲለው ሚስቱ «ምን ሽቅብ ታያለህ፣ ከዚያ የሚወርድልን ነገር የለም» ትለዋለች።

የሚከፈለው በካሬ ነው። የካሬው ዋጋ ልጁ አንደኛ ክፍል ስትገባ የነበረው ነው፤ ልጅቷ አሁን አራተኛ ደርሳለች። ጭማሪ ሲጠይቅ ፎርማኑ «ወንድሜ፣ በር ላይ የቆመውን ሰውዬ አየኸው? በግማሹ ይሠራል» ይለዋል። ደግሞ ውሸቱን አይደለም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ሰው እንዲህ እየረከሰ ቲማቲም እንዴት እንደሚወደድ እግዜር ይወቀው፣ እኔስ አልገባኝም።

የሚኖሩት ተርታውን ከተሠሩ ክፍሎች በአንዱ ነው። ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊት በርና መስኮት፣ ከኋላ ወደ ሽንት ቤቱ የሚያወጣ ሌላ በር። ጎረቤታቸው ጡረተኛው አባባ ናቸው። ዱቄት ከግንባታው፣ ሚስቱ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እስኪመለሱ ድረስ ልጃቸውን የሚጠብቁላቸው እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ደከመኝ ብለው አያውቁም።

አከራያቸውን ግቢው በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። አንድ እሑድ መጡና በሩ ላይ እንደቆሙ «የኔ ልጅ፣ ከመጪው ወር ኪራይ ልጨምር ነው። እኔም ገበያ እወጣለሁ» አሉት።

«ስንት፣ እትዬ?»

ነገሩት። ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ጭማሪው ዱቄት ወር ሙሉ አንጋጦ ከሚያመጣው ላይ ለምግብ የሚቀረውን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

«ከየት አመጣለሁ?»

«እኔስ መች ልጨክንባችሁ? ክፍሉ እንደሆነ ሰፊ ነው። በጂፕሰም ለሁለት እንክፈለዋ! ሰሌዳውና አናጺው በእኔ፤ ስፌቱን አንተ በነፃ ትደፍንልኛለህ። የኋላውን ግማሽ እናንተ በድሮው ኪራይ ኑሩበት፤ የፊቱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ሰፊ! የልጅቷ ፍራሽ ሲነጠፍ በሩ በቅጡ አይከፈትም። እትዬ ዘወር እንዳሉ ሚስቱ «በድሮው ኪራይ ግማሽ ቤት ማለት እኮ እጥፍ ጨመሩብን ማለት ነው» አለች። እሷን በሒሳብ የሚያሞኛት የለም። ግን ወዴት ይሂዱ? ከከተማው ዳር ርካሽ ቤት አለ ይባላል፤ ከኪራይ የተረፈውን ደግሞ አውቶቡስ ይበላዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አሉ።

አናጺው መጥቶ ግድግዳውን አቁሞ ሄደ። ያን ዕለት ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንተ፣ አበላሸዋ» አለችው።

«ምኑን?»

«ስፌቱን ነዋ! አሳብጠው፣ አጣመው፣ ይሰንጠቅ። ማን አይቶ ይከራየዋል? ባዶውን ሲቀርባቸው ራሳቸው አፍርሱት ይላሉ።»

ዱቄት ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ስቱኮውን እንደ ጭቃ ለደፈው፣ ፋሻውን አጣሞ ለጠፈው። ሚስቱ «እሰይ፣ የኔ ጀግና!» ብላ ምሳ አቀረበችለት።

ምሳውን ግን በቅጡ አላጣጣመውም። ግድግዳው ፊት ለፊቱ ነው። በጥርሱ መሀል ሥጋ እንደገባበት ሰው ምላስ ዓይኑ መላልሶ ወደዚያው ነው። እሑድ ሚስቱ ሥራ እንደሄደች ስፓቱላውን አነሳ፤ አንዷን ጠርዝ ብቻ ላስተካክል ብሎ እኮ ነው። ጠርዟን ሲያስተካክል ፋሻው ይበልጥ አስጠላው፤ ነቀለው። ስትመለስ አዲስ ፋሻ ለጥፎ ሁለተኛውን ዙር እየቀባ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እጄ እኮ ነው…» አለ፣ እንደ ልጅ።

አመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ እየፈገፈገ እየቀባ ጨረሰው።

እትዬ መጥተው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ውይ! ሆቴል አስመሰልከው እኮ! በላዩ ላይ ቀለም ቢያርፍበትማ!» ብለው ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ተመላለሱ። በማግሥቱ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይዘው መጡ። የፊቱን ግማሽ በሙሉው ክፍል ዋጋ ተከራየው።

ወዲያው ደግሞ እትዬ ወደ ኋላው በር ዞረው አንኳኩ። «የእናንተንም ወገን ያየ ሰው በጥሩ ዋጋ ጠይቆኛል። እኔ ግን ሰው ከቤቴ አላስወጣም፤ እሱ ያለውን ክፈሉና ኑሩ።»

«ቃልዎስ፣ እትዬ? በድሮው ኪራይ ብለውኝ ነበር።»

«ቃሌማ ቃል ነው! ግን ግድግዳው እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ?»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ሚስቱ ግድግዳውን፣ ከዚያም እሱን አየች። ዱቄት በገዛ እጁ ቤቱን እንዳስወደደ ገብቶት ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ አዘኑለት መሰል፣ «ዘዴ እኮ አይጠፋም» አሉ። «የቀሩትንም ክፍሎች እንዲሁ በግድግዳ ለሁለት ላስከፍላቸው ነው። አንተው ትሠራቸዋለህ፣ በካሬ እከፍልሃለሁ። ጭማሪውን በእሱ ትሸፍናለህ።»

ዱቄት ተርታውን አሰበው፤ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ልጅቷ ጥግ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች።

«ካሬው ስንት ነው?» አለ።

ፎርማኑ ከሚከፍለው ይበልጣል። እሺ አለ፤ ሚስቱ ይህን ስትሰማ ጥላቸው ወጣች።

መጀመሪያ ተራ የደረሰው የአባባ ክፍል ነበር። ሜትሩን ከጀርባው ይዞ በራፋቸው ላይ ቆመ። እሳቸው ግን ነገሩን ሰምተዋል፤ አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው ጠብቀውታል።

«ግባ ልጄ፣ ምን ትሽኮረመማለህ? እንጀራህ ነው። እንዲያውም ከባዕድ አንተ ብትሠራው ይሻለኛል» አሉና የሜትሩን ጫፍ ያዙለት። ከወዲህ ወዲያ ሲለኩ ቆዩና «በየትኛው ወገን ነው የምቀረው?» ብለው ጠየቁት።

ዱቄት ያውቃል። የፊቱ ሁሉ ለአዲስ ተከራይ ነው፤ እትዬ ተናግረው ጨርሰዋል።

«ገና አልወሰኑም፣ አባባ።»

«እንግዲያው አደራህን፣ በመስኮቱ በኩል አድርጉልኝ በልልኝ። አሁን አንተን እምቢ አይሉህም። ልጅህን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የማያት በእሱ ነው።»

«እሺ አባባ፣ እነግርልዎታለሁ» አለ። ለእትዬ እንደማይነግራቸው እያወቀ ልኩን መዳፉ ላይ ጻፈ።