የእህቱ ድርሻ

ልጁ በጤና ጣቢያው ሚዛን ከረጢት ውስጥ እግሮቹን አንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሲስተሯ በአንድ እጇ አረጋጋችውና አጎንብሳ ቁጥሩን አነበበች። ቀና ብላ ካርዱን አየች። እንደገና ሚዛኑን አየች።

"ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ" አለች። "ያው ነው።"

"ምን ያው?" አለች እናትየው፣ በደንብ ሰምታ ሳለ።

"ያው ያለፈው ሳምንት። ያው ከዚያ በፊት የነበረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈቅ አላለም። አሥራ ስምንት እሽግ ቆጥሬ ሰጥቼሽ አልነበረም? የት ገባ?"

እናትየው ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣችና የለውዙን ምግብ ባዶ እሽጎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። አንድም አልጎደለም። እያንዳንዱን በልብስ መቀሷ ለሁለት ሰንጥቃ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የቀረውን ሳይቀር በጣቷ ጠርጋ አጉርሳዋለች።

"ባዶውንማ ማንም ያመጣል" አለች ሲስተሯ። ዓይኗ እሽጎቹ ላይ አልነበረም። እናትየው ጀርባ ላይ የታዘለችው ሴቷ መንታ ላይ ተተክሏል።

መንታዎቹ ዓመት ከሁለት ወራቸው ነው። እናታቸው ዚፕ እየቀየረች፣ የሱሪ እግር እያሳጠረች ነው የምትኖረው። አጠገቧ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ወንዱን "ክር"፣ ሴቷን "ቁልፍ" ይሏቸዋል። መጀመሪያ ላይ ስሙ ለጨዋታ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ክር ሲሉት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ሲወለዱ እንኳ ከበድ የሚለው እሱ ነበር። አንድ ጡት ጠብተው፣ በአንድ ማንኪያ ጎርሰው፣ በስምንት ወራቸው ተቅማጥ ሁለቱንም ያዛቸው። ሴቷ በሳምንቷ ተነሥታ መዳህ ጀመረች። እሱን ግን ለቀቀው ሲሉ እየተመለሰ፣ ለቀቀው ሲሉ እየተመለሰ ይኸው እዚህ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ሲስተሯ ሴቷንም አንሥታ መዝናት ነበር። "ዘጠኝ ከሁለት መቶ! ይቺማ የሁለት ሰው ትበላለች" ብላ ስትስቅ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች አብረው ሳቁ። እናትየው ያን ቀን ጆሮዋ ጭው እንዳለ ነው ቤቷ የገባችው። ቤት ደግሞ አማቷ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ "ይቺ ልጅ የወንድሟን ዕድል በልታበታለች" ይላሉ። ክፋት የላቸውም፤ አዝነው ነው የሚሉት። ባሏ ቀለም ቅብ ውሎ ሲመጣ እናቱን ይሰማል፣ ልጆቹን ተራ በተራ ያያል። ያ እይታው ከሁሉም የባሰ ነበር።

"አሁን ካርዱ ላይ መጻፍ አለብኝ" አለች ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አንሥታ። "ምግቡን ለሌላ ልጅ ታካፍላለች ብዬ። ከዚያ ቤትሽ ሰው ይላካል።"

"አልሰጠኋትም።"

"ታዲያ ልጁ ይህን ሁሉ በልቶ እንዴት አይጨምርም?"

የእናትየው ደም ፈላ። "እዚሁ ፊትዎ ላብላው! እዚሁ! እርስዎ ቁጭ ብለው ይዩኝ።"

"እንግዲያውስ ጀምሪ፤ ማን ያዘሽ?"

ሲስተሯ ከካርቶኑ አንድ እሽግ አውጥታ ሰጠቻት። ክር ሲያየው በሁለት እጁ ተሻማ። በደንብ በላ። ሲስተሯ ሌላ ልጅ እየመዘነች በጎን ታየዋለች። ግማሹን እንደጨረሰ ቁልፍ ከጀርባ በትከሻ በኩል እጇን ሰድዳ እሽጉን ጨበጠችው። እናትየው እጇን መትታ አስለቀቀቻት።

"የሱ ነው! ተይ አልኩሽ!"

ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ትንፋሿ እስኪቋረጥ አለቀሰች። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሌላ ሌላውን አዩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየ የክር ሆድ ጮኸ። እናትየው ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያባንናት እሱ ነው። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ ሁለት እግሩን ሰበሰበና የሽንት ጨርቁ ራሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍራ ወደ ውጭ ትሮጥ ነበር። ዛሬ ጨርቁን ፈትታ፣ እንዳለ በሁለት እጇ ይዛ ሲስተሯ ጠረጴዛ ድረስ ሄደች።

"የት ገባ ብለው ጠይቀውኝ የለ? ይኸውልዎ። እዚህ ነው የገባው።"

ሲስተሯ ማፈግፈግ ጀምራ ተወችው። ጨርቁን አየችው። ውሃ የመሰለ ነገር ውስጥ ያልተፈጨ ምግብ፣ ትናንት የበላው ካሮት ሳይቀር እንደገባ ወጥቷል።

"በቀን ስንት ጊዜ ነው?"

"አምስት። ስድስት። አንዳንድ ቀን አልቆጥርም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቁኝ?"

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጣችና ከዶክተሩ ጋር ተመለሰች። ሰውየው ዶክተር አይደሉም፤ ጤና መኮንን ናቸው። ሰው ሁሉ ዶክተር ሲላቸው ማረም ከሰለቻቸው ቆይተዋል። እጃቸውን ታጥበው የልጁን ሆድ ዳበሱ፣ ዓይኑን ገለጡ፣ ሁለት እግሩን ጫን ጫን አድርገው ዕብጠት መኖሩን አዩ።

"የምትጠጡት ውሃ ይፈላል?"

"ይፈላል። ለሱ ብዬ አፈላለሁ። ዶክተር፣ አማቴ እህቱ ዕድሉን በላችበት ይላሉ። ሲስተር ደግሞ ምግቡን ነው ይላሉ። እኔ ማንን ልመን?"

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ስሚኝ ልጄ። ሁላችንም ሆድ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚያሳምሙ ብቻ እንዳይመስሉሽ፤ ከምግቡ ጥቅሙን እንድናገኝ የሚያግዙን አሉ። ሕፃን ሳለን የጡት ወተት የለመዱት ናቸው የሚበዙት። ልጁ ምግብ ሲጀምር እነሱም አብረው መለወጥ አለባቸው። ያንቺ ልጅ ግን ተቅማጡ ሲመላለስበት፣ እሱ ዓመት ሲያልፈው የሆዱ ባክቴሪያዎች ገና እንደ ጨቅላ የቀሩ ይመስለኛል። እኛ ምግብ እንሰጠዋለን፣ ሆዱ ሊጠቀምበት አልቻለም። ይመስለኛል ነው ያልኩሽ፤ እዚህ ማረጋገጫ መሣሪያ የለኝም።"

"እሷስ? አንድ ቤት ናቸው። አንድ ጡት ነው የጠቡት።"

"መንታም ቢሆኑ ይለያያል። አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ለተቅማጡ አለ። ባክቴሪያዎቹን የሚያስተካክለው ግን ገና እየተጠና ነው።"

"እየተጠና!" እናትየው ሳቀች፤ ሳቁ ለራሷም ደስ አላላትም። "እነሱ አጥንተው እስኪጨርሱ ልጄ በስድስት ኪሎው ይጠብቃቸው?"

ዶክተሩ ወረቀት ስበው ሪፈር መጻፍ ጀመሩ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄዳ ሰገራውን ታስመረምራለች፤ ሊያስተኙትም ይችላሉ። እሽጉ አይቋረጥም። ብዙ ልጆች ዘግይተውም ቢሆን ይጨምራሉ፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል። እሳቸው ይህን ሁሉ ሲናገሩ፣ እሷ የያዘችው አንዱን ቃል ብቻ ነበር፦ ወራት።

"ይቺስ ምን ሆነች?" አሉ ድንገት። ቁልፍ የእናቷን የቀሚስ አንገት አፏ ውስጥ ከትታ ትመጠምጣለች።

"እሷ ደህና ናት" አለች እናትየው ፈጠን ብላ።

"እስቲ መዝኚያት።"

ሲስተሯ ልጅቷን ከረጢቱ ውስጥ አስገባቻት። አነበበች። አውርዳ እንደገና ሰቀለቻት።

"ስምንት ከዘጠኝ መቶ" አለች። "ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ከሁለት መቶ ነበረች። አሟታል?"

እናትየው አንገቷን ደፋች። ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፤ አቃታት።

"ቀንሼባት ነው" አለች። "ድንቹን ግማሽ፣ እንቁላሉን ጭራሽ። ማንኪያውን ስትከተለኝ ፊቴን አዞርኩባት። ትንሽ ብትከሳ ብዬ... ጉንጯ እየመሰከረብኝ ተቸገርኩ።"

"እኔ እንዲህ አድርጊ አልኩሽ?" አለች ሲስተሯ።

"አላሉም። የሁለት ሰው ትበላለች ነው ያሉት።"

"ባለፈው ወር ይሄንኑ እሽግ ሱቅ ተደርድሮ አይቻለሁ። የኛን እሽግ! ከዚያ ወዲህ ማንን ልመን? ለአንዷ ሳዝን ሌላዋ ትሸጠዋለች።"

"እኔ አልሸጥኩም።"

"አውቃለሁ" አለች ሲስተሯ፤ ይቅርታ ግን አልጨመረችም። ካርዱን ወደ ራሷ ስባ "ተቅማጥ፣ በቀን አምስት ጊዜ" ብላ ጻፈች።

"ልጄ፣" አሉ ዶክተሩ ሪፈሩን እየሰጧት፣ "ከሷ የቀነስሽው አንድም ግራም እሱ ጋ አልሄደም። እንዲህ ከቀጠልሽ በሚቀጥለው ወር የማክመው ሁለቱንም ነው።"

እናትየው ወንዱን አዝላ፣ ሴቷን ታቅፋ ወጣች። ንዴቷ አልበረደም፤ የሚያርፍበት ሰው ብቻ አጣ። በሲስተሯ ላይ እንዳትወጣው፣ ሴትዮዋም እሽጉ ሱቅ ሲሸጥ በዓይኗ አይታለች። ባክቴሪያን ደግሞ ማን ይሰድባል? ነገ ሥራ የለም። ተኝቶ ይታከም ካሉ ቁልፍን ጉልበታቸው ለማይታዘዝ አማቷ ትታ ነው የምትሄደው።

የጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። አንድ ገዛች። ከአጥሩ ወዲያ ማንም የማያይበት ጥላ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍን ስታበላ እንዲያ ያለ ቦታ ነበር የምትፈልገው። እግሯ ወደዚያ ጀምሮ ቆመ። ተመልሳ ከመመዘኛው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሲስተሯ ከመስኮቱ ወዲያ ሌላ ልጅ እየመዘነች ነው። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አይዋት።

እንቁላሉን ልጣ በትንንሹ እየቆረሰች አጎረሰቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እየሰጋች፣ ቀጥላ እየተቻኮለች በላች። ጨርሳ አፏን እንደገና ከፈተች።

እናትየው መስኮቱን አየች። ከዚያ ወደ ሻጯ ዞረችና ውስጥ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

"ሌላ ጨምሪልኝ" አለች።