ኖራ የተቀባው ድንጋይ

ሻምበል ገናናው በሰባ ስምንት ዓመታቸው በጠዋት የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው፤ የፀሎትን ቁልፍ ድምፅ። ፀሎት ግሪስሃይም በምትባል የጀርመን ከተማ ወዳለችው አንድ ክፍል ቤታቸው እየመጣች፣ ላበጠ እግራቸው የታዘዘውን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ የምታለብሳቸው የቤት ለቤት አስታማሚና የአገር ልጅ ናት። ጀርመን ለካልሲም ደቂቃ ይቆጥራል፤ የተፈቀደላት አሥር ደቂቃ ነው። እሷ ግን ሃያ ትቆያለች፤ ግማሹን ለካልሲው፣ ግማሹን ለጨዋታ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሷ በቀር በራቸውን የሚከፍት ሰው የለም።

አንድ ማክሰኞ ግን ዝም ብላ ገባች።

«ምነው ዛሬ? ማን አስቀየመሽ?» አሏት።

«የወንድሜ የሐዲስ ሙት ዓመት ነው፣ ጋሼ። ቱሬን፣ የቀሩኝን ሕመምተኞች ዞሬ ስጨርስ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለች የቀኙን ካልሲ እየሳበች። «ሲሞት ስድስት ዓመቱ ነበር። ገላሌ ሜዳ የሚባል በረሃ ነው ያደግነው። ስሙንም አያውቁት።»

እንዴት አያውቁት! ጦሩ መድፎቹን የሚሞክርበት ሜዳ ነበር። የእሳቸው ሥራ ደግሞ ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረውን ጥይት ፈልጎ ዙሪያውን ቀይ በተቀባ ድንጋይ ማጠር ነበር።

«አባዬ የካምፑ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር» ብላ ቀጠለች። «የካምፕ መንገድ መቼም ያውቁታል፤ ግራና ቀኙ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነው። ‹ከነጩ ድንጋይ እንዳትወጡ› ይለን ነበር በየቀኑ። ሐዲስ አልሰማ ብሎ ወጣ፣ ያልፈነዳ ጥይት ነካ። መንግሥት ሊወድቅ ሰሞን ነው። እማዬ አምና እስክትሞት ድረስ ‹ምነው ልጄ ቃል ብትሰማ› እያለች ነው ያለቀሰችው።»

ሻምበል ያን ሰሞን በደንብ ያስታውሱታል። በዚያ ሰሞን ቀይ ቀለም አልቆ ነበር። መጋዘን ውስጥ የተገኘው ኖራ ብቻ ስለሆነ፣ «ለሳምንት ነው» ብለው ሦስት ጥይቶችን በነጭ ድንጋይ አጠሩ። አንደኛው ከካምፑ መንገድ ጫፍ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ቀዩ ቀለም ሳይመጣ መንግሥት ወደቀ፤ እሳቸውም በጅቡቲ በኩል ወጡ። ትዝ ባላቸው ቁጥር «ደግሞ እዚያ ማን ይደርሳል» እያሉ ራሳቸውን ሲያታልሉ ኖሩ።

አሁንም ሆድ ይፍጀው ማለት ይችሉ ነበር። ማን ያውቅባቸዋል? ቢናገሩ ይህችን ልጅ ማጣታቸው ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ የስድስት ዓመት ሕፃን ባላጠፋው ጥፋት መቃብሩ ውስጥ ሲወቀስ ሊኖር ነው።

«ወንድምሽ አላጠፋም» አሏት። ከዚያ ስለ ቀለሙም፣ ስለ ኖራውም፣ ስለ ሽሽታቸውም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

ፀሎት የግራውን ካልሲ እንደያዘች፣ እንደተንበረከከች ቀረች።

«ነጩን ነው የተከተለው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«አባዬ ያለውን ነው ያደረገው?»

«አዎ።»

«እማዬ ይህን ሳትሰማ ሞተች!» አለች። «እሱን እየወቀሰች ሞተች!»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ መጥቶ አነሰባቸው፤ መልሰው ዋጡት። እሷ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። የግራውን ካልሲም እንደ ወትሮው ሽብሽብ ሳታስቀርበት አለበሰቻቸውና ቻው ሳትል ወጣች።

በማግሥቱ ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ልባቸው ደስ ብሎት ዘለለ። የገባችው ግን ዳኒኤላ የምትባል ጀርመናዊት ነበረች።

«ፀሎትስ?» አሏት በጀርመንኛ።

«ቱሯን ቀይራለች። ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምመጣው» አለች ዳኒኤላ ስልኳን እያየች። «ግን መልእክት ትታልኛለች፤ ‹የግራ እግራቸው ያማቸዋል፣ ቀስ ብለሽ ሳቢው› ይላል።»

ሻምበል እግራቸውን ዘረጉ። ዳኒኤላ እንደተባለችው ቀስ ብላ ሳበችው።

«አመመዎት እንዴ?» አለች ደንግጣ፤ ሽማግሌው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ ያለቅሱ ነበር።