የእናቴ ባለቀዳዳ መጋገሪያ

በእኛ አካባቢ የአንዲት ሴት ስም ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ በጋብቻ ወረቀቷ ላይ፣ በመቃብሯ ድንጋይ ላይ፣ በኬክ መጋገሪያዋ ቂጥ ላይ። ከሦስቱ ሰው አጥብቆ የሚይዘው ሦስተኛውን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የመኸር እራት ሲኖር አርባ ሴት አርባ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ስም የሌለበት ዕቃ ቤቱን ሳያገኝ ይቀራል።

እናቴ ዖርፋ ስሟ በቀለም እንዲጻፍ አልፈለገችም። ቀለም ይለቃል። ስለዚህ አባቴ ሜርል መጋገሪያዋን ገልብጦ በሚስማርና በመዶሻ ነጥብ በነጥብ እየጠቀጠቀ ጻፈላት። ቦታውን ሳይለካ ስለጀመረ የመጨረሻዋ ፊደል መሄጃ አጥታ ወደ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። መጋገሪያው ክብ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ የቆመ ቀዳዳ አለው፤ ኬኩ ሲወጣ ልክ እንደ ጎማ ይሆናል። እንደ ጎማ ይሆናል ያልኩት ዛሬ ነው። ያኔ ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ያ መጋገሪያ ከመኸር እራት ወደ ቤት አልተመለሰም። ዕለቱን ዕቃ ያጠበችው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ቬልዳ ነበረች። ቤቷ ከኛ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። እናቴ በማግስቱ ተሻግራ ጠየቀቻት። እትዬ ቬልዳ "እኔ ምን አውቄ!" አለች። እናቴ "ስሜ እኮ አለበት!" አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት አግዳሚ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ መልእክት ሲኖር እኔ እላካለሁ። "ለዚያች ሴትዮ ላሟ አጥሩን ጥሳለች በላት።" "ለእናትህ አጥሩ የሷ ነው በላት።"

አባቴ በነገሩ ገብቶ አያውቅም። ዝምተኛ ሰው ነበር። ጠባዩ ይመስለን ነበር።

እኔ ሎውል እባላለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ የጓሮ ትራክተር እየገዛሁ አድሳለሁ፤ ቁጭ ሲሉባት ጉልበት ወደ አገጭ የሚጠጋባትን ትንሿን ዓይነት። ስንት አለህ ለሚለኝ "የሚነሱትን ነው ወይስ የማይነሱትን?" እላለሁ፤ ሰውዬው እስኪያስብ ወሬ ይቀየራል።

ባለፈው የካቲት አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ዊል ሆርስ የምትባል ቀይ የጓሮ ትራክተር፣ ባለ አሥር የፈረስ ጉልበት፣ በሸራ ተሸፍና የቆየች። ፎቶውን ሳጎላው የማረሻ መጎተቻዋ ላይ ያለው ብየዳ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። እንዲህ የሚበይድ ሰው በኦሃዮ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አባቴ ነው፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፒካፑ ላይ ተጎታቹን አስሬ ሁለት ሰዓት ወደ ሰሜን ነዳሁ።

ሻጩ ሽማግሌ ነው። "አባትህን አስታውሰዋለሁ" አለኝ። "የመጀመሪያውን ዋጋ ስጠራለት እሺ አለ። እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ደግሞ 'ቶሎ ጫናት' ይለኛል።"

እኔም ትራክተሯ የኛ የነበረችበትን የመጨረሻ በጋ አስታወስኩ። እናቴ ለነጻነት በዓል ሰልፍ ትራክተሯን አምራ ላውጣት፣ ጎማዎቿ ላይ ያሉትን ክብደቶች ፈትቼ ፍቄ ነጭ ልቀባቸው ብላ ነበር። በሳምንቱ ትራክተሯ ተሸጠች።

በእናቴ ቤት ጋራዥ ስድስት ሳምንት ሠራሁባት። ከሞተሩ ሽፋን ሥር አይጦች የሦስት ትውልድ ቤት ሠርተዋል። ካርቡራተሩን ዘፈዘፍኩ፣ ቺንጋና ካንዴላ ለወጥኩ፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ በቀዳዳው በኩል ሰማይ ስለሚታይ ጣልኩት። ቀዩን ቀለም ቀባሁ። የሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ የማረሻ ቀናችን ነው፤ የጓሮ ትራክተር ያለው ሁሉ አንድ እርሻ ላይ ይሰበሰባል፣ ለአንድ ትልቅ ትራክተር የግማሽ ቀን ሥራ የሆነውን መሬት ሃምሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ያርሰዋል። ቀጥ ያለ ትልም ላወጣ ሽልማት አለ።

ጓደኛዬ ጌለን እየመጣ ያየኛል። ጌለን ብሎን እንኳ ከፋብሪካው ካልሆነ የማይነካ ሰው ነው። የኋላ ጎማዎቿን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። ማረሻ ስትጎትት ጎማዋ ባዶውን እንዳይሽከረከር ቸርኬው ላይ ክብደት ይታሰራል፤ የኔዎቹ ግን አባቴ በቤት የሠራቸው የሲሚንቶ ክቦች ናቸው።

"እነዚህን ጣላቸው" አለኝ።

"አባቴ ነው የሠራቸው።"

"ብየዳውንም አባትህ ነው የሠራው። ቢያንስ የብረት ክብደት ልፈልግልህ። ሰው ፊት ድንጋይ አሥረህ ልትወጣ ነው?"

ፈታናቸው። ወደ ውጭ የሚታየው ፊታቸው በቀለም ላይ ቀለም ተደራርቦበታል፤ ወደ ጎማው የዞረው ግን ግራሶና ጭቃ ብቻ ነው። ለወጉ ያህል በሽቦ ብሩሽ ፈተግ አደረግሁት። ጉድጓድ ጉድጓድ የሆኑ ነጥቦች ወጡ። ሲሚንቶው ሲደርቅ አረፋ ሠርቶ ይሆናል አልኩ። ነጥቦቹ ግን ተሰልፈዋል። ጌለን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ።

"ዖርፋ" ብሎ አነበበ። "የመጨረሻዋ ፊደል ምን ነክቷት ነው ወደ ላይ የወጣችው?"

ሁለተኛውን ፈተግን። እሱም ዖርፋ ይላል። አባቴ በእናቴ መጋገሪያ ሲሚንቶ የጋገረው አንዴ አልነበረም።

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። እትዬ ቬልዳ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤቷ ተሸጧል፤ በማረሻው ቀን ማግስት፣ እሁድ፣ አሪዞና ወደ ልጇ ልትሄድ ዕቃ እያሰረች ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "መጋገሪያዬንም ይዛ ትሄዳለች።" ዝም ካልኩ አክስቴ ሌባ እንደተባለች ትሄዳለች። ከተናገርኩ ደግሞ እናቴ ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። እናቴ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደምትችልም እርግጠኛ አይደለሁም።

"ምን ላድርግ?" አልኩት።

ጌለን አሰበ። "አባትህን እወደው ነበር" አለ። "ኩሬው ደግሞ ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ይውጣል።"

እናቴ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ምርኩዟን ይዛ ሥራዬን ልትቆጣጠር ትመጣለች። ዕለቱንም መጣች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።"

"ቀለሙ ተንጠባጠበብህ?"

"ቀለም አይደለም።" ጨርቁን ገለጥኩት።

መነጽሯን አደረገች። ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣቷ ሄደችባቸው። የተንጠለጠለችው ፊደል ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጌለን ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ይኼ ሰውዬ!" አለች። ሞቶም ቢሆን እስካሁን ሜርል ነበር የምትለው። "እስኪሞት አርባ ዓመት! አጠገቤ ተኝቶ! አብሮኝ እኮ ፈልጓል። ከመኪናው ወንበር ሥር ሳይቀር ገብቶ ፈልጓል። 'የለም ዖርፋዬ' ብሎኝ ተነሳ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ግን አልወደደችውም።

ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ማዶ አየች። እትዬ ቬልዳ በረንዳዋ ላይ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

"ትሠራለች?" አለችኝ እናቴ።

"ማን?"

"ትራክተሯ ናታ! ቬልዳማ ስትሠራ አያታለሁ።"

"ትሠራለች፤ ግን ክብደቶቹ አልታሰሩም..."

"እሰራቸው። ስሙ ወደ ውጭ።"

አሰርን። ደግፈን አስቀመጥናት። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ግን እንደ ትናንት አወቀችው። በአንደኛ ማርሽ ወጣች። እኔ በግራ፣ ጌለን በቀኝ፣ እንደ አጃቢ እየሄድን መንገዱን ተሻገርን። ሁለት መኪና ቆሞ አሳለፈን። አንደኛው ጥሩምባ ነፋ፤ እናቴ ዞር ብላም አላየችው።

በረንዳው ሥር ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፤ አዲሱ ማርሚታ ገና አልመጣም ነበር። እናቴ ፊት ፊቷን እያየች አፏን ከፈተችና የሆነ ነገር አለች። እትዬ ቬልዳ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እናቴ ደገመችው። እኔም አልሰማሁም። ሞተሩን ላጠፋ ቁልፉን ስይዝ እጄን በጥፊ አለችኝ።

"ሎውል!" ብላ ጮኸች እትዬ ቬልዳ። "አጥፋው እስቲ! ሴትዮዋ የሆነ ነገር እያለችኝ ነው!"

በሁለቱ መሀል ቆሜ የታላቂቱን ቃል አከበርኩ። አጠፋሁት።

"አሁን በይ" አለች አክስቴ።

"ብያለሁ" አለች እናቴ። "ሁለቴ ብያለሁ።"

"እኔ የሰማሁት ፒስተን ነው።"

እናቴ መሪውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "ይቅርታ ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ደንቆሮ!"

"ለምኑ?"

"ለምኑ እንደሆነ አታውቂም?"

"አውቃለሁ። ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

እናቴ በምርኩዟ ጎማውን አሳየቻት። እትዬ ቬልዳ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ ጎንበስ አለች፣ አነበበች፣ ዞራ ሌላውንም አነበበች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያልባት ሳቀች። "ሜርል! ያ ዝምተኛ! እኔ እኮ ልጅ ሆኖም የእማማን ድስት ለዓሣ ማጥመጃ ትል ማስቀመጫ አድርጎት ነበር። እንዴት አላሰብኩትም!"

"አንቺ ካላሰብሽው እኔ እንዴት ላስበው?" አለች እናቴ። ድምጿ ቀለል ብሏታል።

እትዬ ቬልዳ ተነስታ ገባች። ካርቶኖች ሲገለበጡ ተሰማ። አንድ መጋገሪያ ይዛ ወጣች፤ ክብ፣ ባለቀዳዳ፣ የሱቁ ወረቀት እንደተለጠፈበት።

"በዚያው ዓመት ነው የገዛሁት። ልሰጥሽ ደጃፍሽ ድረስ መጣሁና፣ ብሰጣት 'ይኸው፣ ሰርቃ ነበር' ትላለች ብዬ ተመለስኩ።"

"እል ነበር" አለች እናቴ። መጋገሪያውን አገላብጣ አየችው። "ከኔው ጠበብ ይላል።"

"ስም የለበትም። ተመስገን በይ።" እትዬ ቬልዳ ወደ ጎማው ጠቆመች። "አንዱ ደግሞ የኔ ነው።"

"ምኑ?"

"ሲሚንቶው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሌባ ስባል ኖሬ ባዶ እጄን አልሄድም።"

ጌለን መፍቻ አመጣ። ከፋብሪካ ዕቃ ሌላ የማይነካ ሰው ነው፤ ግን ብሎኑን የፈታላት እሱ ነው።

ስለዚህ በማረሻው ቀን ትራክተሬ በአንድ ክብደት ወጣች፤ ሌላኛው በእትዬ ቬልዳ ልጅ መኪና ውስጥ ከሻንጣዎቹ ሥር ነበር። ጌለን የብረቶቹን ጥንድ ከየትም ፈልጎ ይዞልኝ መጥቷል።

"እሰራቸው" አለኝ።

"አይነኩም!" አለች እናቴ ከታጣፊ ወንበሯ። አጠገቧ እትዬ ቬልዳ ተቀምጣለች፤ በመሀላቸው ኬክ አለ። ኬኩ በአንድ በኩል ወርዷል። እናቴ መጋገሪያው ነው ትላለች፤ አክስቴ እጅሽ ነው ትላለች።

ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ትራክተሬን ዞራት። "ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ግን የራሷ አይደለም" አለ።

"ስሙን አንብብ" አለች እናቴ። "እኔ ነኝ ዖርፋ። የራሴ ነው።"

ዳኛው አነበበ። ብዙ አሰበና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘ።

ማረስ ጀመርኩ። ሲሚንቶ የሌለው ጎማ ይንሸራተታል፣ ሲሚንቶ ያለው ይገፋል፤ ትልሜ ወደ ግራ እየጎበጠ ሄዶ የጎረቤቴን ትልም ሊጠይቅ ደረሰ። ከሃምሳ ሰው ሃምሳኛ ወጣሁ። ስመለስ ሁለቱ አሮጊቶች ያጨበጭባሉ።

"ከዚህ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው" አለችኝ እትዬ ቬልዳ።

"አንቺ መነጽርሽን ጠቅልለሽዋላ!" አለች እናቴ።

እሁድ ሄደች። ሲሚንቶው አሪዞና ውስጥ የበር ማስደገፊያ ሆኗል፤ ስሙ ወደ ውጭ ነው አሉ። የጌለን ብረቶች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፤ ትራክተሯ እስካሁን ወደ ግራ ትጎትታለች፤ እኔም ለምጃታለሁ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልክ ይደወላል። አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ አንዳንዴ ያልፋል። ስለ አባቴ ብቻ ነው። በሕይወት ሳለ ይህን ያህል ተወርቶለት አያውቅም።